ንባብና ትውስታ በሃና፦ «የመማር ስልት» የሚለው ማብራሪያ የሚሸፍነው ችግር

አንድ ተማሪ ያነበበውን ገጽ ዘግቶ ምን እንደሚል ሲጠየቅ ዝም ካለ፣ የተለመደው ማብራሪያ ስለ ልጁ ተፈጥሮ ነው፤ «ይሄ ልጅ በማየት እንጂ በማንበብ አይገባውም» ይባላል። ደቡብ ኦሞ ላይ አባባሉ ከግለሰብ አልፎ ለሕዝብ ይተርፋል፤ አርብቶ አደሩ የሚማረው በጆሮው ነው ይባላል። የሰላማጎ ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን ሃናን ስናይ ግን ምክንያቱ ሌላ ቦታ ይገኛል።

ይህን «የመማር ስልት» የሚባለውን ሐሳብ ካስፋፉት አንዱ ኒውዚላንዳዊው ኒል ፍሌሚንግ ነው። ተማሪዎችን በማየት፣ በመስማት፣ በማንበብና በመጻፍ፣ በመሥራት የሚማሩ ብሎ የሚለየው መጠይቁ ብዙ አገር ደርሷል። ሃሮልድ ፓሽለርና ባልደረቦቹ በ2008 እ.ኤ.አ. ማስረጃውን ሲፈትሹ ግን፣ ትምህርትን ከተማሪው «ስልት» ጋር ማዛመድ ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያረጋግጥ በቂ ጥናት አላገኙም። ልጆች አይለያዩም ማለት አይደለም። አንዱ ሰሌዳው በደንብ አይታየውም፣ ሌላው በደንብ አይሰማም፣ ሌላው ፊደል መለየት ያቅተዋል። እነዚህ መነጽር፣ የፊት ወንበርና ልዩ ድጋፍ የሚሹ ናቸው፤ ስልት ብሎ ማለፍ ልጁን መበደል ነው።

በሃና ዙሪያ የቦዲ፣ የሙርሲ፣ የዲሜና የባጫ ልጆች አሉ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ቢፈቅድም፣ ብዙዎቹ ፊደል የሚቆጥሩት ቤታቸው በማይነገረው አማርኛ ነው። ከፍ ወዳለ ክፍል ሲሻገሩ ደግሞ እንግሊዝኛ ይጠብቃቸዋል።

ቤት በማይነገር ቋንቋ ማንበብ ትውስታን እንዴት እንደሚጎዳ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንየው፦ «ትናንት ከአጎቱ ጋር ገበያ የሄደው ልጅ በመንገድ ላይ ያገኘውን ዱላ ለወንድሙ ሰጠው።» አሥራ ሁለት ቃላት ናቸው፤ ማሰሪያው ግስ መጨረሻ ላይ ነው። በደቂቃ 60 ቃል የሚያነብ ልጅ በ12 ሰከንድ ይጨርሰዋል። 20 ቃል ብቻ የሚያነበው 36 ሰከንድ ይፈጅበታል። ፒተርሰንና ፒተርሰን በ1959 እ.ኤ.አ. ባደረጉት ሙከራ፣ ሰዎች በልባቸው እንዳይደጋግሙ ሲከለከሉ፣ ሦስት ፊደላት እንኳ በ18 ሰከንድ ውስጥ በአብዛኛው ይጠፉባቸው ነበር። እየተንተባተበ የሚያነብ ልጅም «ሰጠው» ላይ ሲደርስ ማን እንደሰጠ ሊጠፋበት ይችላል። በሙርሲኛ ግሱ በአብዛኛው ከተሳቢው ስለሚቀድም፣ ግስ እስኪመጣ መጠበቁ ራሱ ለሙርሲ ልጅ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። የዚህ ልጅ ድክመት የትውስታ ሳይሆን የፍጥነትና የቋንቋ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነው። ጃፓናዊው ካትሱዮሺ ፉኩይ የቦዲ ሕዝብ የከብትን ቀለምና ዝንጉርጉርነት ምን ያህል አጥርቶ በስም እንደሚለይ በሰፊው ጽፏል። ይህን ሁሉ የያዘን ልጅ «ማስታወስ አይችልም» ማለት ያስቸግራል። ሬክትና ሌስሊ በ1988 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ እንዳሳዩት፣ ቤዝቦል የሚያውቁ ደካማ አንባቢዎች ስለ ጨዋታው ያነበቡትን ጨዋታውን ከማያውቁ ጎበዝ አንባቢዎች አስበልጠው አስታውሰዋል። ስለዚህ የሃና ልጅ የመጀመሪያ ምንባቡ ስለ ከብት ቢሆን፣ አዲሱን ቃል የሚያስርበት ነገር ያገኛል። ሁልጊዜ ስለ ከብት ብቻ ያንብብ ካልን ግን መልሰን አጠርነው።

ሦስተኛው አጠያየቁ ነው። ሮዲገርና ካርፒኬ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሙከራ ላይ፣ ጽሑፉን ደግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ በልጠው ተገኙ። ከሳምንት በኋላ ግን አንድ ጊዜ አንብበው፣ ወረቀቱን ዘግተው ያስታወሱትን የጻፉት 56 በመቶውን ሲይዙ፣ ደግመው ያነበቡት የያዙት 42 በመቶውን ነበር። የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ከጥንት ያውቁታል፤ ተማሪው የያዘውን በቃሉ ለየኔታ ሳያሰማ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ዳዊት በቃሉ የሚደግም ልጅ ግእዙ ላይገባው ይችላል፤ ትርጓሜ ቤት ራሱን የቻለ፣ ብዙዎች የማይደርሱበት ጉባኤ ነው። ለሃና የሚጠቅመው መጽሐፍ ዘግቶ ማስታወሱ እንጂ ቃል በቃል መድገሙ አይደለም።

እናም ልጁ ገጹን ዘግቶ የተረዳውን በቦዲኛ ወይም በሙርሲኛ ይተርክ፤ በማግስቱና በሳምንቱም ይጠየቅ። ቋንቋውን የማይችል መምህር ትረካው ልክ መሆኑን እንዴት ያውቃል? በአንድ ቋንቋ የሚግባቡ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ተቀምጠው ሊያዳምጡና ዋናውን ሐሳብ በአማርኛ ለመምህሩ ሊነግሩት ይችላሉ። ይህ የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ላይ ቦታ ይፈልጋል፤ አዲስ መጽሐፍ ግን አይጠይቅም።