ከደረጃው ሥር የተመታው ድራም

በየዓመቱ ሴፕቴምበር 25 ሲደርስ የሮክ ወዳጆች ጆን ቦናምን ያነሳሉ። የሌድ ዜፕሊኑ ድራመር እ.ኤ.አ. በ1980 በዚህ ቀን ሲያርፍ ገና 32 ዓመቱ ነበር። ጓደኞቹም ዓመቱ ሳይወጣ ያለ እሱ እንደማይቀጥሉ አስታውቀው ባንዱን በተኑት። እስከዚህ ድረስ ጭቅጭቅ የለም። የሚያነታርከው «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» የተባለው ዘፈናቸው ሲጀምር የሚሰማው ያ ግዙፍ የድራም ድምፅ የማን ሥራ ነው የሚለው ነው።

ዘፈኑን ቀድሞ ሜምፊስ ሚኒ እና ካንሳስ ጆ ማኮይ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ባልና ሚስት በ1929 በሸክላ አስቀርጸውታል። መነሻው ከሁለት ዓመት በፊት ሚሲሲፒ ወንዝ ያደረሰው የጎርፍ እልቂት ነበር። ሌድ ዜፕሊኖች በስቱዲዮ ሞክረውት አልሆነላቸውም። የተሳካላቸው በእንግሊዝ ሃምፕሻየር ገጠር ውስጥ፣ ሔድሊ ግሬንጅ በተባለ ቤት ነው።

ቤቱ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ለችግረኞች መጠለያ የተሠራ፣ ቅዝቃዜና እርጥበት የማያጣው የድንጋይ ሕንፃ ነው። የመግቢያው አዳራሽ ጣሪያ እጅግ ከፍ ያለ ሲሆን ደረጃው ግድግዳውን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል። የቦናም ሉድዊግ ድራም እዚያ ከደረጃው ሥር ተተከለ። ሁለት ቤየር ኤም 160 ማይክሮፎኖች ከላይ ከፎቁ ቁልቁል ተንጠለጠሉ። መቅረጫው ደጅ በቆመው የሮሊንግ ስቶንስ ተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ ውስጥ ነበር።

ጊታሪስቱ ጂሚ ፔጅ ሐሳቡ የእኔ ነው ይላል። አዲስ የመጣው ድራም አዳራሹ ውስጥ ሲተከል ድምፁን ሰምቶ እዚሁ ይቀረጽ እንዳለና ማይክን ማራቅ ድምፅን ጥልቀት እንደሚሰጥ ቀድሞም ያውቅ እንደነበር ይናገራል። ያኔ የ20 ዓመት ወጣት የነበረው የድምፅ ባለሙያ አንዲ ጆንስ ደግሞ ሌላ ያወራ ነበር። ቦናም «ድራሜ ስመታው እንደምሰማው ሆኖ አይቀረጽልኝም» እያለ ያማርር ስለነበር፣ ሌሎቹ ወጣ ባሉበት ምሽት እሱን አስቀርቶ ሞከረው። ማይኮቹን ሰቀለ፣ ድምፁን በመጭመቂያ አጥብቆ ቢንሰን በተባለው የጣሊያን የማስተጋቢያ መሣሪያ አሳለፈው። ቦናም ተንቀሳቃሽ ስቱዲዮው ውስጥ ገብቶ ሲሰማው ሲፈልገው የኖረውን አገኘ።

ፔጅ የባንዱ ፕሮዲውሰር ስለነበር የመጨረሻው ቃል የእሱ መሆኑ አያከራክርም። ጆንስ ግን እያንዳንዱን ዕቃ በእጁ እንደነካ ሰው ይዘረዝር ነበር፤ እንዲህ ያለ ዝርዝር ከሥራ እንጂ ከወሬ አይገኝም።

ሁለቱም ወገኖች ግን ሲከራከሩ የሚዘሉት ነገር አለ። ለእያንዳንዱ ከበሮ የራሱ ማይክ ሲቀመጥ፣ ስኔሩ ቢያንስ ወይም ሲምባሉ ቢበዛ ባለሙያው በኋላ ያስተካክለዋል። ሁለት ማይክ ከሩቅ ሲሰቀል ግን ማስተካከል የሚባል ነገር አይኖርም። የቤዝ ድራሙንና የስኔሩን ልክ የሚሰጠው መቺው ራሱ፣ በእጁና በእግሩ ነው። ዘፈኑን ዛሬም ቢያዳምጡት ሲምባሉ ስኔሩን አይሸፍነውም፤ የእግሩ ምት ጥቂት ወደ ኋላ ቀረት ብሎ ሳለ ከምቱ አይወጣም። ያንን ደረጃ፣ እነዚያን ማይኮች ለሌላ ድራመር ቢሰጧቸው የሚገኘው ጩኸት ነበር።

ቦናም የእንግሊዟ ሬዲች ከተማ ልጅ ነው። ሙዚቃው እንጀራ እስኪሆነው ድረስ ከአባቱ ጋር በአናጺነት ሠርቷል። ባለ አንድ ቤዝ ድራም ሆኖ ሳለ በ1969 የመጀመሪያው አልበም ሲወጣ ሁለት ያለው የመሰላቸው ብዙዎች ነበሩ።

በ1986 ቢስቲ ቦይስ ያንን ምት ቆርጠው የመጀመሪያ አልበማቸው መክፈቻ አደረጉት፤ ከዚያ ወዲህ በሂፕ ሆፕ ደጋግሞ ተሰምቷል። በዲሴምበር 2007 የቀሩት ሦስቱ ለንደን መድረክ ላይ ሲገናኙ ከድራሙ ኋላ የተቀመጠው ልጁ ጄሰን ነበር። ሬዲችም በ2018፣ በ70ኛ የልደት ቀኑ፣ መሐል ከተማው ላይ የነሐስ ሐውልት አቁማለታለች።