ሃይፐርቫይዘር ሲሻሻል የሚከሰት የድራይቨር ግጭትና መፍትሔው

በአሁኑ ጊዜ በርካታ ባንኮች፣ ሆስፒታሎች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የንግድ ድርጅቶች ለሒሳብ፣ ለደመወዝ፣ ለኢሜይልና ለደንበኛ መረጃ ለየብቻው ሰርቨር አይገዙም። አንድ ጠንካራ ሰርቨር ይገዙና በላዩ ላይ አሥርም ከዚያ በላይም ቨርቹዋል ማሽኖችን ያስቀምጣሉ። ሃይፐርቫይዘር የሚባለው ሶፍትዌር በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ተከራዮችን እንደሚያኖር አከራይ ነው፤ ፕሮሰሰሩን፣ ሚሞሪውን፣ ዲስኩንና ኔትወርኩን እየሸነሸነ ለእያንዳንዱ ቨርቹዋል ማሽን ያከፋፍላል። ግቢው የተዘጋ ዕለት ግን ተከራዩ ሁሉ ውጭ ያድራል።

በዚህ ጽሑፍ የምመለከተው ሃይፐርቫይዘሩ ከአንድ ቨርዥን ወደ ሌላ ሲሻሻል የሚገጥመውን የድራይቨር ግጭት ነው። ምሳሌ ያደረግኩት በሥራዬ ደጋግሞ የሚገጥመኝን የቪኤምዌር ኢኤስኤክስአይን ነው። ክፍሉን ለሚመሩ ኃላፊዎችም ሆነ ሥራውን በእጃቸው ለሚሠሩ ባለሙያዎች የማስተላልፈው ዋና ነጥብ አንድ ነው። የግጭት ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ድራይቨሩን ከመሰረዝ በፊት፣ በእሱ የሚሠራ ዕቃ ሰርቨሩ ውስጥ መኖር አለመኖሩ መረጋገጥ አለበት።

ለምን ይሻሻላል?

“እየሠራ ያለውን ነገር ለምን እንነካዋለን?” የሚል ጥያቄ ከኃላፊዎች ዘንድ ሁልጊዜ ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ግልጽ ነው። የኢኤስኤክስአይ 6.5 እና 6.7 አጠቃላይ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 2022 አብቅቷል። የ7.0 ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 2025 አብቅቷል። ድጋፉ ካበቃ በኋላ አዲስ የደኅንነት ቀዳዳ ቢገኝ መድፈኛው በመደበኛው መንገድ አይመጣም።

የዚህ አደጋ ምንነት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 በግልጽ ታይቷል። ኢኤስኤክስአርግስ የተባለ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም በልዩ ልዩ አገሮች በሺዎች የሚቆጠሩ የኢኤስኤክስአይ ሰርቨሮችን አጠቃ። አጥቂዎቹ ገብተውበታል የተባለው ቀዳዳ መድፈኛ የወጣለት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021፣ ማለትም ከሁለት ዓመት በፊት ነበር። ስለሆነም ማሻሻሉን ማዘግየት በራሱ አደጋ አለው። ሳይዘጋጁ ማሻሻልም እንዲሁ።

ግጭቱ ከየት ይመጣል?

ድራይቨር ማለት ሃይፐርቫይዘሩ ከኔትወርክ ካርዱ፣ ከዲስክ መቆጣጠሪያውና ከሌሎች ዕቃዎች ጋር እንዲግባባ የሚያደርግ አነስተኛ ፕሮግራም ነው። በኢኤስኤክስአይ ውስጥ እያንዳንዱ ድራይቨር ቪብ በሚባል ጥቅል ውስጥ ይቀመጣል። ጥቅሉ ስሙን፣ ቨርዥኑን፣ አቅራቢውንና ለመሥራት ምን እንደሚፈልግ የሚገልጽ መረጃ ይዟል።

ቀደም ባሉት ዓመታት ብዙዎቹ ድራይቨሮች ከሊኑክስ የተወሰዱ ነበሩ። ከሃይፐርቫይዘሩ ጋር የሚነጋገሩትም ቪኤምኬሊኑክስ በተባለ አስተርጓሚ በኩል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ቨርዥን 5.5 ሲወጣ ያለ አስተርጓሚ በቀጥታ የሚናገሩ፣ ኔቲቭ የተባሉ ድራይቨሮች መጡ። ለተወሰኑ ዓመታት ሁለቱ ዓይነቶች ጎን ለጎን ቆዩ። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2020 ቨርዥን 7.0 ሲወጣ ግን አስተርጓሚው ከነጭራሹ ተሰናበተ። በእሱ ላይ የተንጠለጠሉት አሮጌ ድራይቨሮችም በአዲሱ ቨርዥን መሥራት አቆሙ።

ከዚህ ሌላ ሁለት ምክንያቶችን አዘውትሬ አያለሁ። አንደኛው የአምራቾች ቅጂ ነው። ኤችፒኢ፣ ዴልና ሌኖቮ የራሳቸውን ድራይቨርና መቆጣጠሪያ የጨመሩበትን የኢኤስኤክስአይ ቅጂ ያዘጋጃሉ። በእንዲህ ዓይነት ቅጂ የተጫነን ሰርቨር በጠቅላላው የቪኤምዌር ቅጂ ለማሻሻል ሲሞከር፣ የአምራቹ ጥቅሎች ከአዲሶቹ ጋር ላይስማሙ ይችላሉ። ሁለተኛው የቆየ ቅሪት ነው። ከ5.5 ጀምሮ እየተሻሻለ የመጣ ሰርቨር፣ ዕቃው ከተነቀለ ዓመታት ያለፉትን ድራይቨር ሳይቀር ተሸክሞ ይገኛል።

ማስጠንቀቂያውን ማንበብ

ሦስት ዓይነት መልእክቶች አሉ፤ ትርጉማቸውም የተለያየ ነው። የመጀመሪያው የተወሰኑ ቪቦች እርስ በርስ እንደሚጋጩ ይገልጽና እንዲወገዱ፣ ወይም አዳዲሶቹን የያዘ ቅጂ እንዲዘጋጅ ይጠይቃል። ሁለተኛው በሰርቨሩ ላይ ያሉ የተወሰኑ ቪቦች የሚደገፉበት ነገር በአዲሱ ቨርዥን እንደማይኖር ይናገራል። ወደ 7.0 ሲሻገሩ በብዛት የሚታየው ይህ ነው፤ የጎደለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ያ የተሰናበተው አስተርጓሚ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻ ሲሆን፣ የማይደገፍ ዕቃ በሰርቨሩ ላይ መገኘቱን በቁጥር ጥንድ ያሳያል። የመጀመሪያው ቁጥር አምራቹን፣ ሁለተኛው ዕቃውን ያመለክታል። ለምሳሌ በ8086 የሚጀምር ከሆነ ዕቃው የኢንቴል ነው። እዚህ ላይ የሶፍትዌር ጥቅል መሰረዝ ምንም አይፈይድም፤ ጥያቄው የካርዱ ነው።

ደረጃ በደረጃ

አንደኛ፣ የተጫኑትን ጥቅሎች መዘርዘር። “ኢኤስኤክስሲኤልአይ ሶፍትዌር ቪብ ሊስት” የሚለው ትእዛዝ ሁሉንም ከነቨርዥናቸው፣ ከነአቅራቢያቸውና ከተጫኑበት ቀን ጋር ያወጣል። ይህንን ዝርዝር ከሰርቨሩ ውጭ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ በሥራ ላይ ያሉትን መለየት። “ኢኤስኤክስሲኤልአይ ኔትወርክ ኒክ ሊስት” እያንዳንዱ የኔትወርክ ወደብ በየትኛው ድራይቨር እንደሚሠራ ያሳያል። “ኢኤስኤክስሲኤልአይ ስቶሬጅ ኮር አዳፕተር ሊስት” ደግሞ ለዲስክ መቆጣጠሪያዎችና ለፋይበር ቻናል ካርዶች ተመሳሳይ መረጃ ይሰጣል። በማስጠንቀቂያው ላይ የተጠቀሰው ስም ከእነዚህ ሁለት ዝርዝሮች በአንዱ ካለ፣ ድራይቨሩ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ተተኪውን መፈለግ። ብዙዎቹ አሮጌ ድራይቨሮች ኔቲቭ ወራሽ አላቸው። የኢንቴሉ አይኤክስጂቢኢ በአይኤክስጂቢኢኤን፣ አይጂቢ በአይጂቢኤን፣ ቲጂ3 በኤንቲጂ3፣ ሜጋሬይድ ሳስ በኤልኤስአይ ኤምአር3 ተተክተዋል። ነገር ግን ወራሹ አባትየው የሚያውቃቸውን ካርዶች ሁሉ ያውቃል ማለት አይደለም። ስለዚህ የካርዱን ቁጥር ወስዶ በኦፊሴላዊው የተስማሚነት መዝገብ ውስጥ ከአዲሱ ቨርዥን ጋር ማመሳከር ግድ ይላል። መዝገቡ ከድራይቨሩ ጋር የሚሄደውን የፈርምዌር ቨርዥንም ይነግራል።

አራተኛ፣ የተዘጉ ድራይቨሮችን መፈተሽ። በ6.0 እና በ6.5 ዘመን አንዳንድ ባለሙያዎች አዲሱ ኔቲቭ ድራይቨር ችግር ሲፈጥርባቸው እሱን ዘግተው ወደ አሮጌው ይመለሱ ነበር። በወቅቱ ጥሩ መላ ነበር፤ በ7.0 ግን የሚመለሱበት አሮጌ የለም። “ኢኤስኤክስሲኤልአይ ሲስተም ሞጁል ሊስት” በሚለው ትእዛዝ የተዘጋ ኔቲቭ ድራይቨር መኖሩን አይቶ ከማሻሻሉ በፊት መክፈትና በእሱ መሥራቱን ማረጋገጥ ይገባል።

አምስተኛ፣ ትክክለኛውን ቅጂ መምረጥ። ሰርቨሩ በአምራቹ ቅጂ የተጫነ ከሆነ በዚያው አምራች አዲስ ቅጂ ማሻሻል ግጭቱን ብዙ ጊዜ ከመነሻው ያስቀራል። ብሮድኮም ቪኤምዌርን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ከገዛ በኋላ የማውረጃ ገጾቹ ወደ ብሮድኮም ተዛውረዋል፤ አብዛኛውን ለማውረድም የጸና የአገልግሎት ውል ያስፈልጋል። በመሆኑም ፋይሉ በሥራው ሌሊት ሳይሆን ከሳምንት በፊት ወርዶ መገኘት አለበት።

ስድስተኛ፣ ሙከራ። የማስወገጃውም ሆነ የማሻሻያው ትእዛዝ “ድራይ ረን” የሚባል አማራጭ አላቸው። ምንም ሳይነካ ምን እንደሚወገድና ምን እንደሚጫን ይነግራል። በሰርቨሩ ላይ የሚያገለግለው ነገር ከሌለ ብቻ “ኢኤስኤክስሲኤልአይ ሶፍትዌር ቪብ ሪሙቭ” በሚለው ትእዛዝ ጥቅሉን አንስቶ፣ ሰርቨሩን ሪስታርት አድርጎ፣ ኔትወርኩና ዲስኩ እንዳሉ መኖራቸውን ካዩ በኋላ ወደ ማሻሻሉ መግባት ይቻላል።

“ፎርስ” የሚለውን አማራጭ በተመለከተ አቋሜ የማያሻማ ነው። አማራጩ ግጭቱን አይፈታም፤ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ተቆጣጣሪውን ዝም ማሰኘት ነው። የማይደገፍ ዕቃ ማስጠንቀቂያን የሚያልፈው አማራጭም ከዚህ አይለይም። ጥያቄው ለጊዜው ከስክሪኑ ይጠፋል፤ ሰርቨሩ ሲነሳ ግን ዲስኩ ላይታይ ይችላል።

አንድ ምሳሌ

ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨሩን ከ6.5 ወደ 7.0 ለማሻሻል ስንዘጋጅ፣ ሙከራው ሦስት ጥቅሎችን ዘረዘረልን። የመጀመሪያው የሜላኖክስ ኔትወርክ ካርድ ድራይቨር ነበር፤ በሰርቨሩ ውስጥ ግን የሜላኖክስ ካርድ አልነበረም። ከአምራቹ ቅጂ ጋር የመጣ ነበርና ተወገደ። ሁለተኛው አይኤክስጂቢኢ ሲሆን፣ ካርዱ ሥራ ላይ ነበር። በመዝገቡ ስናየው ወራሹ ያውቀዋል። ኔቲቩን አስቀድመን በዚያው በ6.5 ላይ አሠርተን፣ ትራፊኩ ማለፉን ካረጋገጥን በኋላ አሮጌውን አነሳነው።

ሦስተኛው ሰርቨሩን ከዋናው የመረጃ ማከማቻ ጋር የሚያገናኘው ዕድሜ የጠገበ የፋይበር ቻናል ካርድ ድራይቨር ነበር። በ7.0 ተተኪ የለውም። ቨርቹዋል ማሽኖቹ በሙሉ የሚኖሩት በዚያ ካርድ ማዶ ነው። ኃላፊው የሌሊቱ ፈቃድ በብዙ ደብዳቤ የተገኘ መሆኑን ጠቅሰው እንድንቀጥል ጠየቁን። እኔና የሥራ ባልደረባዬ ሁለቱን ዝርዝሮች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አድርገን፣ ድራይቨሩ ከተሰረዘ የትኞቹ አገልግሎቶች እንደሚቆሙ አንድ በአንድ አስረዳናቸው። ማሻሻሉ ተላለፈ፤ የካርድ ግዢ ጥያቄም ቀረበ። አዲሱ ካርድ ገብቶ በ6.5 ላይ ከተፈተነ በኋላ፣ የማሻሻሉ ሥራ አንድ ሌሊት ሳይሞላ ተጠናቀቀ።

መመለሻ መንገድ

በተለመደው ጥገና ወቅት ኢኤስኤክስአይ የቀድሞውን ቅጂ በጎን ያስቀምጣል። ሰርቨሩ ሲነሳ የሺፍትና የአር ቁልፎችን በአንድነት በመጫን ወደ እሱ መመለስ ይቻላል። ከ6.5 ወይም ከ6.7 ወደ 7.0 ሲሻገሩ ግን የዲስኩ አከፋፈል ስለሚቀየር ይህ በር ይዘጋል። መመለስ የሚቻለው አሮጌውን ቨርዥን እንደገና በመጫን ብቻ ነው። ስለዚህ የሰርቨሩን ቅንብር ባክአፕ ማድረግ፣ የአሮጌውን ቨርዥን ቅጂ በእጅ መያዝና የቨርቹዋል ማሽኖቹን ባክአፕ ቢያንስ አንዱን መልሶ በማስነሳት መሞከር ያስፈልጋል።

የጉዞው ቅደም ተከተልም መታወቅ አለበት። ቪሴንተር ካለ ከሰርቨሮቹ በፊት እሱ ይሻሻላል። ከ6.7 በቀጥታ ወደ 8.0 መሄድ ሲቻል፣ 6.5 ላይ ያለ ግን በመካከል አንድ ማረፊያ ያስፈልገዋል። የኔትወርክ ድራይቨሩ ቢጠፋ በኔትወርክ መግባት ስለማይቻል፣ የኤችፒኢው አይሎ ወይም የዴሉ አይድራክ አስቀድሞ መሥራቱ ይፈተሽ። መብራት በመሀል ቢጠፋ የሚደርሰውን አስቦም የዩፒኤሱን ባትሪና የጄኔሬተሩን ነዳጅ ቀን ላይ ማየት ይበጃል።

በመጨረሻም ለኃላፊዎች የምመክረው፣ የማሻሻያ ፈቃድ ከመፈረማቸው በፊት ከባለሙያው አንድ ገጽ ሠንጠረዥ እንዲጠይቁ ነው። በሠንጠረዡ ላይ በማስጠንቀቂያው የተጠቀሰው እያንዳንዱ ድራይቨር፣ የሚያሠራው ዕቃና በአዲሱ ቨርዥን የሚተካው ይጻፍ። ዕቃ የተጻፈበት ሆኖ ተተኪው ባዶ የሆነ አንድ መስመር እንኳ ካለ፣ ሌሊቱ ይዘዋወር። ባዶው መስመር የሚሞላው በግዢ እንጂ በትእዛዝ አይደለም።