ከንፈር ከመቁረጥ እስከ አክሲዮን መሸጥ

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ደብረ ታቦር ሩቅ አይደለችም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚያ ይቀመጡ በነበረ ዘመን ትንባሆ ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው ይቆረጥ ነበር ይባላል። ጭካኔው አያስመሰግንም፤ የመንግሥት አቋም ግን አያሻማም ነበር።

በ1934 ዓ.ም. የትንባሆ ሞኖፖል ሲቋቋም ከልካዩ ራሱ ሻጭ ሆነ። ደርግም ትርፉን አልጠላውም። ኢሕአዴግ ደግሞ ዓለም አቀፉን የትንባሆ ቁጥጥር ስምምነት በ2006 አጽድቆ፣ በ2008 የትንባሆ ድርጅቱን 40 በመቶ ለጃፓን ቶባኮ በ510 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ! በ2010 ሌላ 31 በመቶ ገደማ ጨመረለት።

አዋጅ 1112/2011 ጥሩ ሕግ ነው። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ሲጋራ መሸጥን ይከለክላል፤ የፓኮውን 70 በመቶ በማስጠንቀቂያ ያስሸፍናል። ግን ጎረቤቶቻችንን እንይ። ብሪቲሽ አሜሪካን ቶባኮ የኡጋንዳንም የኬንያንም ሕግ ፍርድ ቤት ወስዶ ተከራክሯል። በ2011 ኡጋንዳ፣ በ2012 ኬንያ ላይ ተረታ፤ የኬንያው ደንብ ግን እስከዚያ ለዓመታት ተንጓቶ ነበር። ኩባንያው ከተቃወማቸው ድንጋጌዎች አንዱ፣ ልብ በሉ፣ ሹማምንት ከትንባሆ ኩባንያዎች ጋር የሚያደርጉትን ግንኙነት የሚገድበው ነው።

የናይሮቢን መዝገብ ክሱ አዲስ አበባ ሳይደርስ የሚያነብ ባለሥልጣን ያስፈልገናል፤ ነፋስ መውጫ ሱቅ ውስጥ የገዢውን ዕድሜ የሚጠይቅም።