«ጌሙ ይፈቅዳል» እና «እኔ አልፈቀድኩም»



ባለፈው ሳምንት ሁለት የ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ተጣልተው ስታፍ ድረስ መጡ። በሆትስፖት ተገናኝተው ማይንክራፍት ይጫወታሉ። አንደኛው ለሳምንታት ቤት ሲሠራ ከርሟል። ሌላኛው ከኋላው መጥቶ ገደለውና ያጠራቀመውን ዕቃ ሁሉ ዘርፎት ሄደ። ገዳይ «ቲቸር፣ ጌሙ እኮ ይፈቅዳል!» ይላል። ሟች ደግሞ እንባ እየተናነቀው «እኔ አልፈቀድኩም!» ይላል።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። በኋላ ግን ሳስበው፣ የኦንላይን ጌም ዓለም ከ25 ዓመት በላይ የተጨቃጨቀው በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ላይ ነው። የታሪክ አስተማሪ ነኝና ታሪኩን ልንገራችሁ። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ያዙ።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1997 ኦሪጅን ሲስተምስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ አልቲማ ኦንላይን የሚባል ጌም አወጣ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚኖሩበት ብሪታኒያ የሚባል ዓለም ነው። መዋጋት ብቻ አይደለም። ማዕድን መቆፈር፣ ዓሣ ማጥመድ፣ ልብስ መስፋት፣ ቤት መሥራት ይቻላል። ከተማ ውስጥ ዘብ አለ፤ ሰው የነካ ሰው ዘብ ከተጠራበት እዚያው ይገደላል። ከከተማ ከወጣችሁ ግን በቃ፣ ማንም ማንንም መግደል ይችላል። የሞተ ሰው መንፈስ ሆኖ ይቀራል። ሲናገር እንኳ ለሌላው የሚታየው «ኦኦኦ» የሚል ብቻ ነው። ንብረቱ ሬሳው ላይ ይቀራል፣ ቀድሞ የደረሰ ይወስደዋል።

የጌሙ ፈጣሪ ሪቻርድ ጋሪየት ራሱ አልተረፈም። ጌሙ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት በነሐሴ 1997 በሙከራ ላይ እያለ፣ ጋሪየት ሎርድ ብሪቲሽ በሚባለው የንጉሥ ካራክተሩ ሕዝቡ ፊት ቆሞ ነበር። ንጉሡ የማይሞት መሆን ነበረበት፤ መከላከያው ግን አልበራም። አንድ ተጫዋች የእሳት አስማት ለቀቀበትና ንጉሡ ወደቀ። እስከ ዛሬ በጌም ታሪክ የሚወራ ሞት ነው። የንጉሡ ሞት ሰውን አሳቀ። በየጫካው የሚሞተው የማዕድን ቆፋሪ ሞት ግን ማንንም አላሳቀም።

ከዋነኞቹ ዲዛይነሮች አንዱ የነበረው ራፍ ኮስተር ተጫዋቾች ራሳቸው ሥርዓት እንዲያቆሙ ይፈልግ ነበር። ሐሳቡ ከንቱ አልነበረም። እውነትም ገዳዮችን የሚያድኑ ቡድኖች ተቋቋሙ፣ ቆፋሪዎች ጠባቂ ይዘው መውጣት ጀመሩ። ኩባንያውም ሕግ ጨመረ። አምስት ግድያ የተመዘገበበት ሰው ስሙ ቀይ ይሆናል፣ ከተማ ሲገባ ዘብ ይገድለዋል፣ ያገኘው ሁሉ ቢገድለው አይጠየቅም። ገዳዮቹ ግን ዘዴ አላጡም። ከተማ ገብቶ የሚገበያይላቸው ስሙ ንጹሕ የሆነ ሁለተኛ ካራክተር ይይዛሉ። ሌላውን አናድደው መጀመሪያ እንዲመታቸው ያደርጉና «እሱ ነው የጀመረው» ይላሉ። ይቺን ዘዴ የማያውቅ አስተማሪ አለ?

ዋናው ነጥብ እዚህ ጋ ነው። ገዳይ ሲቀጣ ይጮኻል፣ ይከራከራል። ሟች ግን አይከራከርም። ዝም ብሎ ወርሃዊ ክፍያውን ያቆምና ይሄዳል። ለምን እንደሄደ የሚጠይቀውም የለም። በ1999 ደግሞ ኤቨርክዌስት የሚባል ጌም ወጣ። በመደበኛ ሰርቨሮቹ ላይ ፈቅዶ ካልገባበት በቀር ተጫዋች ተጫዋችን አይገድልም። መግደል የሚፈልግ ለዚያ የተለየ ሰርቨር ነበረው። እንግዲህ መሄጃ ተገኘ።

በ2000 አልቲማ ኦንላይን ዓለሙን ለሁለት ከፈለ። የብሪታኒያ ካርታ ተገለበጠና በሁለቱ ጨረቃዎቿ ስም ተሰየመ። ፌሉካ የድሮው ነው፣ ማንም ማንንም ይገድላል። ትራሜል ደግሞ ካልተስማማችሁ በቀር ተጫዋች አይገድላችሁም። ጦርነት ያወጁ ቡድኖች ግን እዚያም መዋጋት ይችላሉ። ምን ሆነ መሰላችሁ? አብዛኛው ሰው ወደ ትራሜል ጎረፈ። ጌሙም አልሞተም፤ በ2003 አካባቢ የከፋዮቹ ቁጥር ወደ 250,000 ደርሶ ነበር።

ይሁን እንጂ ዛሬም ድረስ በትራሜል የሚያለቅሱ የድሮ ተጫዋቾች አሉ፤ በእኔ እምነት ሁሉም ውሸታቸውን አይደለም። በፌሉካ ዘመን ጓደኛ ማለት ጓደኛ ነበር፣ ምክንያቱም ሊከዳህ ይችል ነበር። መንገድ አብሮህ የወጣ ሰው ውለታው ይታወቅ ነበር። አደጋው ሲጠፋ ይሄም አብሮ ሳሳ። ችግሩ ግን ያ ጀብዱ የሚጣፍጠው ለማን ነበር የሚለው ነው። ተኩላ ያለ በግ አይኖርም። በጎቹ ምርጫ ሲሰጣቸው ሄዱ፤ ተኩላዎቹ እርስ በርስ ተፋጠው ቀሩና «ጌሙ ተበላሸ» አሉ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ ይህንኑ ጥያቄ በየራሳቸው መንገድ መለሱ። በ2003 የወጣው የአይስላንዱ ኢቭ ኦንላይን ሕግ በሚከበርበት ቀጠና ግድያን አይከለክልም። ፖሊሱ ኮንኮርድ መጥቶ ገዳዩን ይቀጣል እንጂ ሟቹን አያድንም። በ2004 የመጣው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ሰርቨር ለይቶ አስቀመጠ። በ2018 ደግሞ ያንን ትቶ ለእያንዳንዱ ሰው ማብሪያ ማጥፊያ ሰጠው። መዋጋት የፈለገ ዋና ከተማ ሄዶ ያበራል። ላበራም ማበረታቻ አለው፣ ያላበራም ሰላሙን ይዞ ይኖራል።

ልጆቹን ምን አልኳቸው? ወረቀት ሰጠኋቸውና «ሕጉን ራሳችሁ ጻፉ» አልኩ። ግማሽ ሰዓት ተጨቃጭቀው ከወንዙ ወዲህ መግደል ክልክል፣ ከወንዙ ወዲያ የተሻገረ በራሱ ፈቃድ ብለው ፈረሙ። ትራሜልና ፌሉካ የሚባል ነገር በሕይወታቸው ሰምተው አያውቁም።

ይሄን ሁሉ የጻፍኩት ግን ስለ ጌም ብቻ አይደለም።

ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት የክፍል ኃላፊ ሆኜ፣ በየቀኑ የሚመቱትና ብሩን የሚቀሙት አንድ ተማሪ መጥቶ ነገረኝ። እኔም ወጣት ነበርኩ፣ «ወንድ ልጅ አይደለህ እንዴ? ራስህን ጠብቅ እንጂ» ብዬ መለስኩት። ጥንካሬ ያስተማርኩት መስሎኝ ነበር። ሁለተኛ አልመጣም። በሁለተኛው ሴሚስተር ስም ስጠራ የለም። መልቀቂያ ወስዶ ሄዷል አሉኝ። የደበደቡት ልጆች ወላጅ ሲጠራባቸው ስንት ቀን ተከራክረውኛል! እሱ ግን አንዲት ቃል አልተናገረም። እኔም ለምን ሄደ ብዬ አልጠየቅኩም። ክፍሉ ጸጥ ሲል ጊዜ ችግሩ የተፈታ መስሎኝ ነበር።

ያ ተማሪዬ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል። ምናልባት ይሄን ያነበው ይሆናል። ስምህን አልጠራም፣ አንተ ታውቀዋለህ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ አድርግልኝ።

አስተማሪዎችም ወላጆችም የሆናችሁ ወዳጆቼ፣ አንድ ቦታ ሰላም የሆነ ሲመስላችሁ የሚጮኸውን ብቻ አትስሙ። ማን እንደጎደለም ቁጠሩ።

መልካም ሳምንት ይሁንላችሁ።