በጽሑፍ የሚሠራ የኢ-ሜይል ፕሮግራም አዘገጃጀትና የመልእክት ምስጠራ

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ከሚገኝ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ወደ ክፍለ ከተማው አስተዳደር የሚላክ ምስጢራዊ ደብዳቤ በፖስታ ታሽጎ፣ ማኅተም አርፎበትና በመዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቶት በተላላኪ እጅ ይሄዳል። ተላላኪው ከአየር ጤና ወይም ከቤቴል ተነስቶ ታክሲ ይሳፈራል፤ ሲደርስም ያስፈርማል። ያው ደብዳቤ በኢ-ሜይል ሲላክ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ማሸጊያው ግን ይቀራል። የይዞታ መረጃ፣ የሠራተኞች የግል ማኅደር ወይም የጨረታ ግምገማ የያዘ ፋይል ላኪውና ተቀባዩ በማያውቋቸው ሰርቨሮች ላይ እንደ ክፍት ወረቀት ይቀመጣል።

አብዛኞቹ የኢ-ሜይል አገልግሎት ሰጪዎች መልእክቱ በመስመር ላይ ሲጓዝ ጥበቃ ያደርጉለታል። ይሁንና ይህ ጥበቃ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ባለው መንገድ ላይ ብቻ የሚሠራ ነው። በሰርቨሩ ላይ ካረፈ በኋላ ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ድርጅት፣ ወይም የተጠቃሚውን የይለፍ ቃል የሰረቀ ማንኛውም ሰው ሊያነበው ይችላል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ (የአሁኑ አስተዳደር) መቀመጫቸውን በግብፅ ያደረጉ ቡድኖች ከታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጋር በተያያዘ በመንግሥት ድረ ገጾች ላይ የሳይበር ጥቃት መሞከራቸውንና ሙከራውን ማክሸፉን ማስታወቁ ይታወሳል። ጥቃት አድራሾች የሚፈልጉት ድረ ገጽን ብቻ አይደለም፤ የአንድ ባለሙያ የመልእክት ሳጥንም ለእነርሱ ትልቅ በር ነው።

በጽሑፍ የሚሠራ የኢ-ሜይል ፕሮግራም ማለት ያለ ሥዕል፣ ያለ ማውስና ያለ ማስታወቂያ፣ ተርሚናል በሚባለው የትእዛዝ መስኮት ውስጥ በኪቦርድ ብቻ የሚታዘዝ ፕሮግራም ነው። ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ሥርዓት፣ ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ ከመግባቱ በፊት ፊዶኔት በተሰኘው ዘዴ መልእክቶችን አጠራቅሞ በስልክ መስመር ወደ ውጭ አገር ያስተላልፍ ነበር። የያኔዎቹ መልእክቶች ሁሉ ጽሑፍ ብቻ ነበሩ። የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በሞደም ጩኸት ታጅቦ የተገናኘ ሰው አንድ ገጽ ጽሑፍ በምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠበቅ ያስታውሳል።

ከእነዚህ ፕሮግራሞች መካከል ቀደምት የሆነው ፓይን እ.ኤ.አ. በ1989 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ በተተኪው በአልፓይን ይታወቃል። በምስጠራ ረገድ ይበልጥ የሚመረጠው ግን ማይክል ኤልኪንስ እ.ኤ.አ. በ1995 የጻፈው ማት ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ ዘሩ የተደባለቀ ውሻ ማለት ነው፤ ‹ሙት› ብለው የሚያነቡት የሥራ ባልደረቦች ስለማይጠፉ አነባበቡን አስቀድሞ መግለጹ ይበጃል። ፕሮግራሙ በነፃ የሚገኝ ነው። በአሮጌ ኮምፒዩተርና በደካማ መስመር ላይ ሳይጨነቅ ይሠራል።

ፕሮግራሙ ለሁሉም ሠራተኛ የሚሆን ነው ማለት ግን አይደለም። የጽሕፈት ሥራቸውን በማውስ ለለመዱ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው 78ኛ እትም ጀምሮ ምስጠራን በውስጡ የያዘው ተንደርበርድ ይሻላቸዋል። ማት የሚጠቅመው በሰርቨር ላይ ለሚሠሩ የመረጃ ቴክኖሎጂ ባለሙያዎች፣ ብዙ ደብዳቤ በአጭር ጊዜ ለሚያስተናግዱና ፕሮግራማቸው የሚሠራውን ሁሉ በዓይናቸው ማየት ለሚፈልጉ ነው።

ማት የማዋቀሪያ መስኮት የለውም። ተጠቃሚው የሚፈልገውን ሁሉ በአንድ ፋይል ውስጥ በየመስመሩ ይጽፋል። የፋይሉ ስም በነጥብ ይጀምርና ‹ማት-አር-ሲ› ይባላል፤ በነጥብ ስለሚጀምርም በተራ የፋይል ዝርዝር ላይ አይታይም። በመጀመሪያ የላኪው ሙሉ ስምና አድራሻ ይገባል። ቀጥሎ የገቢ መልእክት ሰርቨር ስም ይጻፋል፤ የተጠበቀው የአይማፕ በር ቁጥር 993 ነው። ለወጪ መልእክት በአገልግሎት ሰጪው ምርጫ 465 ወይም 587 ይሆናል። ብዙዎች የሚዘነጉት ፕሮግራሙ ያለ ጥበቃ ከሰርቨሩ ጋር እንዳይገናኝ የሚያስገድደውን መስመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው 2.0 እትም ወዲህ ይህ በራሱ በርቶ ይመጣል፤ በቀድሞዎቹ እትሞች ግን ተጠቃሚው ራሱ ካልጻፈው አይኖርም።

የይለፍ ቃልን በዚሁ ፋይል ውስጥ በግልጽ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው። ፋይሉን ማንም ቢገለብጠው የመልእክት ሳጥኑን አስረከበ ማለት ነው። ቦታውን ባዶ ከተዉት ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር ይጠይቃል። በየጊዜው መጻፍ የሰለቸው ደግሞ የይለፍ ቃሉን በተመሰጠረ ሌላ ፋይል አስቀምጦ ማት ሲነሳ ከዚያ እየፈታ እንዲያነብ ማዘዝ ይችላል። በሁለቱም መንገድ የማዋቀሪያ ፋይሉ ለባለቤቱ ብቻ እንዲነበብ ፈቃዱን 600 ማድረግ ያስፈልጋል። እንደ ጂሜይል ያሉ አገልግሎቶች ከእንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ተራውን የይለፍ ቃል ስለማይቀበሉ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከተከፈተ በኋላ ለመተግበሪያ ብቻ የሚሰጠውን ልዩ የይለፍ ቃል ማውጣት ግድ ይላል።

ስለ አማርኛ አንድ ነገር ማንሳት ተገቢ ነው። በ1980ዎቹ በኮምፒዩተር የሚጻጻፉ ኢትዮጵያውያን ፊደላችን በመስመር ላይ ስለማያልፍላቸው ቋንቋቸውን በላቲን ፊደል ይጽፉ ነበር። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ለዚህ ያዘጋጁት ሥርዓት በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃሉ በራሱ ደንብ ሲነበብ ‹ሰራ› ይሆናል። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከተካተተ ወዲህ ግን ችግሩ በአብዛኛው ተወግዷል። በማት ላይ የፊደል ሥርዓቱን ዩ-ቲ-ኤፍ 8 ማድረግና ተርሚናሉ የግእዝ ፎንት እንዲኖረው ማድረግ ይበቃል። ተርሚናል ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል ስፋት ስለሚመድብ እንደ ‹ጨ› እና ‹ሟ› ያሉ ሰፋፊ ፊደላት ከጎረቤታቸው ላይ ሊደረቡ ይችላሉ፤ ይህ የሚያበላሸው መልክን እንጂ መልእክቱን አይደለም። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግእዝ ፎንቶች የተጻፈ አሮጌ ሰነድ ግን በጽሑፍ ፕሮግራም ውስጥ የማይነበብ የላቲን ምልክት ክምር ሆኖ ይመጣል፤ አስቀድሞ መለወጥ አለበት።

ወደ ምስጠራው ስንመለስ፣ የዚህ ሥራ አስቸጋሪው ክፍል ቁልፍ ማድረስ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ከኮልፌ ጋር የሚገናኝ ታሪክ ነው። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1962) በኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ማሠልጠኛ ወታደራዊ ሥልጠና መውሰዳቸው ይታወቃል። ከ26 ዓመታት በኋላ፣ እርሳቸው ገና በእስር ላይ ሳሉ፣ ድርጅታቸው የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ‹ቩላ› በተሰኘው ዘመቻው የተመሰጠረ የኮምፒዩተር መልእክት ይጠቀም ጀመር። ቲም ጄንኪን በለንደን ሆኖ ባዘጋጀው ዘዴ፣ በደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሚገኙት ታጋዮች ጽሑፉን በትንሽ ኮምፒዩተር ይመሰጥሩታል፤ የተመሰጠረው ወደ ድምፅ ተለውጦ በካሴት ይቀዳል፤ ካሴቱም ከሕዝብ ስልክ ወደ ለንደን ይሰማል። በለንደን የስልክ መልእክት መቀበያ ድምፁን ይቀዳል፤ ከዚያም ኮምፒዩተር ይፈታዋል። ማንዴላም በጠበቃቸው አማካይነት ከዚህ መስመር ጋር ተገናኝተው ነበር።

ዘዴው ጠንካራ ነበር፤ ነገር ግን እያንዳንዱ መልእክት የራሱን የቁጥር ቁልፍ ይፈልግ ስለነበር፣ ቁልፎቹን የያዙ ፍሎፒ ዲስኮች በሰው እጅ በአውሮፕላን መጓጓዝ ነበረባቸው። ዲስኩ ካለቀ ግንኙነቱ ያበቃል። ከተያዘም መልእክቱ ሁሉ ይጋለጣል።

ይህን ችግር የፈታው ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን እ.ኤ.አ. በ1976 ይፋ ያደረጉት ሐሳብ ነው። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ሰው ሁለት ቁልፎች ይኖሩታል። አንዱ ይፋዊ ቁልፍ ሲሆን ለማንም ይሰጣል፤ ሌላው ምስጢራዊ ነው፤ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። በይፋዊው ቁልፍ የተቆለፈው የሚከፈተው በምስጢራዊው ብቻ ነው። ፊርማ ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል፤ በምስጢራዊው የተፈረመውን በይፋዊው ማንም ሊያረጋግጥ ይችላል። አሜሪካዊው ፊል ዚመርማን ይህን እ.ኤ.አ. በ1991 ‹ፒ-ጂ-ፒ› በተሰኘ ፕሮግራም ለተራው ተጠቃሚ አቀረበው። የአገሩ መንግሥት ፕሮግራሙ ያለ ፈቃድ ከአገር ወጥቷል በሚል ከፍቶበት የነበረው ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1996 ያለ ክስ ተዘግቷል። ዛሬ ከማት ጋር የሚያገለግለው ጀርመናዊው ቨርነር ኮህ ያዘጋጀውና የመጀመሪያ ሙሉ እትሙ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ‹ጂ-ፒ-ጂ› ነው።

ቁልፍ ማውጣት ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ፕሮግራሙ ስም፣ አድራሻ፣ የአገልግሎት ዘመንና የይለፍ ሐረግ ይጠይቃል። የአገልግሎት ዘመኑን ከሁለት ዓመት አለማስበለጥ ይመከራል፤ ማራዘም ሁልጊዜ ይቻላል። የይለፍ ሐረግ ከጠፋ ግን መልሶ የሚሰጥ አካል የለም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከዓመታት በፊት ለሙከራ ያወጣውን ቁልፍ ሐረግ ዘንግቶ፣ በዚያ ቁልፍ ተቆልፈው የተላኩለት ደብዳቤዎች እስካሁን ሳይነበቡ ተቀምጠዋል። የሚልኩለት ሰዎች ቁልፉ መሞቱን እንዲያውቁ የሚያደርገውን የመሻሪያ ሰነድም ለይቶ አላስቀመጠም ነበር። የዛሬዎቹ የጂ-ፒ-ጂ እትሞች ይህን ሰነድ ቁልፉ ሲወጣ አብረው ያዘጋጃሉ። ከኮምፒዩተሩ ውጭ ገልብጦ፣ ቢቻል በወረቀት አትሞ በካዝና ማስቀመጥ የባለቤቱ ፋንታ ነው።

የተቀበሉት ይፋዊ ቁልፍ በእርግጥ የዚያ ሰው መሆኑን ማረጋገጥ ሌላው ወሳኝ ጉዳይ ነው። በማንም ስም ቁልፍ ማውጣት ይቻላልና። ለዚህ 40 ፊደልና ቁጥር የያዘው የቁልፉ አሻራ ይነበባል። ቁልፉ የመጣው በኢ-ሜይል ከሆነ አሻራውን በኢ-ሜይል መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ በስልክ ድምፁን በሚያውቁት ሰው ማስነበብ ወይም በአካል ማመሳከር ያሻል። የወረዳና የክፍለ ከተማ ባለሙያዎች በሳምንት አንድ ጊዜ በስብሰባ የሚገናኙ በመሆኑ ይህ ለእኛ መሥሪያ ቤቶች ከሌሎች ይልቅ የቀለለ ነው።

ቁልፉ ከተዘጋጀ በኋላ በማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ የራስን ቁልፍ መለያ፣ ወጪ ደብዳቤ ሁሉ እንዲፈረም የሚያደርገውን ትእዛዝ፣ ተመስጥሮ ለመጣ ደብዳቤ የሚሰጠው መልስ ተመስጥሮ እንዲሄድ የሚያደርገውንም መጻፍ ነው። በሥራ ላይ ‹ኤም› ሲጫን አዲስ ደብዳቤ ይከፈታል፤ ተጽፎ ሲያበቃ ‹ፒ› የምስጠራ ምርጫዎችን ያመጣል፤ ‹ኢ› ለምስጠራ፣ ‹ኤስ› ለፊርማ፣ ‹ቢ› ለሁለቱም ነው። ‹ዋይ› ይልከዋል።

ለራስ ጭምር እንዲመሰጠር የሚያደርገውን መስመር መርሳት አይገባም። ያለ እርሱ ላኪው የላከውን ደብዳቤ ቀሪ ራሱ መልሶ ማንበብ አይችልም፤ ኦዲተር በመጣ ጊዜ ይህን ማስረዳት ያስቸግራል። ግልባጭ የሚያበዛው የቢሮ ልማዳችንም እዚህ ዋጋ ያስከፍላል። ግልባጩ ለአራት ክፍሎች ከሆነ የአራቱም ይፋዊ ቁልፍ ያስፈልጋል። በስውር ግልባጭ የሚላክለት ሰው ስሙ ቢደበቅም የቁልፉ መለያ በመልእክቱ ውስጥ ስለሚገኝ በቀላሉ ይታወቃል።

ምስጠራ የማይሸፍነውም አለ። ላኪው፣ ተቀባዩና ሰዓቱ በግልጽ ይታያሉ። በተለምዶ ‹ጉዳዩ፡-› የሚለው መስመርም እንዲሁ ነው። ‹ጉዳዩ፡- የአቶ እገሌን የዲሲፕሊን ክስ ይመለከታል› ብሎ ጽፎ ከሥሩ ያለውን መመስጠር በፖስታው ላይ ምስጢሩን እንደመጻፍ ይቆጠራል። በዚህ ቦታ የደብዳቤውን ቁጥር ብቻ ማስፈር ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ‹ኢ-ፌይል› በሚል ስም ይፋ የሆነው ድክመት የተመሰጠረ መልእክትን በድረ ገጽ ቅርጽ የሚከፍቱ ፕሮግራሞችን አጋልጦ ነበር። ማት ምስልን ከኢንተርኔት በራሱ ስለማይጠራ ከዚያ ችግር ድኗል።

ከሕግ አንጻር፣ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 የቆመው ፈቃድ ባላቸው የሰርተፊኬት ሰጪዎች ሥርዓት ላይ ነው። ስለሆነም በጂ-ፒ-ጂ የተፈረመ ደብዳቤ በሁለት ባልደረቦች መካከል መተማመኛ ይሁን እንጂ በአዋጁ መሠረት ከወጣ ሰርተፊኬት ጋር አንድ ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ ማት የሰርተፊኬቱንም ዘዴ ማስተናገድ ይችላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህም የዜጎችን መረጃ የያዘ መሥሪያ ቤት ጥበቃ የማድረግ ኃላፊነት አለበት። ምስጠራን በመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ከመጫን በፊት የተቋሙን የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል ማስፈቀድ ያስፈልጋል።

የመንግሥት ደብዳቤ የግለሰብ ንብረት አይደለም። ባለሙያው ሲዛወር ወይም ጡረታ ሲወጣ ምስጢራዊ ቁልፉን ይዞ ከሄደ ለዓመታት የተጠራቀመው ሰነድ ለተተኪው ዝግ ይሆናል። በመሆኑም ቁልፉ በሰው ስም ሳይሆን በሥራ መደቡ ስም ቢወጣ፣ ቅጂውና የይለፍ ሐረጉ በተለያዩ የታሸጉ ፖስታዎች በሁለት ኃላፊዎች እጅ ቢቀመጡ፣ በርክክብ ቅጹም ላይ ከካዝና ቁልፉና ከማኅተሙ ቀጥሎ አንድ ተራ ቁጥር ቢሰጠው የተሻለ ነው።