የሐይቅ ዳገትና የቤንዚን ግፊት፦ አሮጌ መኪና መንገድ ላይ ለምን ትታነቃለች?

ከሐይቅ ከተማ ወደ ደሴ የሚወጣ መኪና 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ላይ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ይጨምራል። ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ ሜትር አካባቢ ናት፤ ደሴ ደግሞ 2 ሺህ 500። ለአዲስ መኪና ይህ ምንም አይደለም። ለ1980ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ) ቶዮታ ኮሮላ፣ ማለትም ሁላችን “ዲኤክስ” ለምንላት መኪና ግን ቀትር ላይ፣ አምስት ሰው ጭና ስትወጣው ፈተና ነው። መጀመሪያ ጉልበት ታጣለች። ቀጥላ መንቀጥቀጥ ትጀምራለች። ከዚያ ጸጥ! ሾፌሩ ቦኔቱን ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ጥላ ስር ይቀመጣል፤ ተመልሶ ቁልፍ ሲመታ ትነሳለች።

“ፓምፗ ሞቷል” ይባላል። ፓምፑ ይቀየራል፣ ብር ይወጣል፣ በሳምንቱ መኪናዋ እዚያው ዳገት ላይ ትቆማለች። ታዲያ የሞተው ምኑ ነው? መልሱን ለማግኘት ቤንዚን ከሰልባትዮ ወደ ሞተር የሚሄድበት መንገድ ባለፉት 120 ዓመታት እንዴት እንደተለወጠ ማየት ይጠቅማል። እያንዳንዱ ዘመን የራሱን መፍትሔ አመጣ፤ ከመፍትሔው ጋር ደግሞ የራሱን በሽታ።

ቤንዚን በራሱ ሲወርድ

እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሌይ በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ የመኪና ነዳጅ አቀራረብ ገና በሙከራ ላይ ነበር። በዚያ ዘመን የብዙ መኪኖች ሰልባትዮ ከካርቡራተሩ ከፍ ብሎ ይቀመጥና ቤንዚኑ እንደ ምንጭ ውሃ በራሱ ክብደት ይወርድ ነበር። በ1908 እንደ ፈረንጆቹ ማምረት የተጀመረው የፎርድ ሞዴል ቲ መኪናም ሰልባትዮው ወንበር ስር ነበር። ፓምፕ የለም፤ የሚበላሽ ነገርም የለም ማለት ይቻላል።

ችግሩ ዳገት ነው። የመኪናው አፍንጫ ሽቅብ ሲቀና ሞተሩ ከሰልባትዮው ከፍ ይላል፤ ቤንዚኑ ጥቂት ከሆነ አይደርስም። ስለዚህ የሞዴል ቲ ሾፌሮች ቀጥ ያለ ዳገት ሲገጥማቸው መኪናውን አዙረው በኋላ ማርሽ ይወጡ ነበር። የሚያስቅ ይመስላል እንጂ ትክክለኛ ምርመራና ትክክለኛ ሕክምና ነው። ግፊቱ የጠፋው ከፍታው ስለተገለበጠ ነው፤ ከፍታውን መልሶ መገልበጥ ግፊቱን ይመልሰዋል።

መንገዱ፣ ካሚዮኑና ቃላቱ

በወሎ መኪና በብዛት የታየው በጦርነት ነው። የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን ያዘ። ከዚያ የባዶሊዮ ጦር 1 ሺህ 700 ያህል ተሽከርካሪዎችን አስከትሎ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ጣርማበር ላይ መንገዱ ተቆርጦ ጠበቀው፤ መኪኖቹን በጭቃ ውስጥ በሰው ጉልበት ጭምር እየገፋ አልፎ ሚያዝያ 27 ቀን ዋና ከተማው ገባ። በወረራው ዓመታት ከአስመራ በማይጨው፣ በወልድያ፣ በመርሳ፣ በውጫሌና በሐይቅ አድርጎ ደሴ፣ ከዚያም አዲስ አበባ የሚደርሰው መንገድ ተሠራ። የ1881 ዓ.ም. ውል የተፈረመባት የአምባሰሏ ውጫሌ በዚህ መንገድ ላይ መሆኗ የታሪክ ምፀት ነው።

ጣሊያን በ1933 ወጣ፤ መንገዱ ቀረ፣ ካሚዮኑ ቀረ፣ ከሁሉም በላይ ቃላቱ ቀሩ። ዛሬም ጋራዥ ገብቶ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ፣ ካቻቪቴ፣ ሰልባትዮ የማይል መካኒክ የለም። “ናፍታ” እንኳ ከዚያው ነው። ፊያት የናፍጣ ካሚዮኖቹን በ“ኤን” ፊደል የሚለየው ናፍታ ለማለት ነበር። ኋላ ለአሥርት ዓመታት በዚህ መንገድ እህልና ሸቀጥ ያመላለሰው ፊያት 682 “ኤንትሬ” ተብሎ የተጠራው ኤን ሦስት በሚለው ስሙ ነው። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመካኒክ ወደ ረዳት የተላለፈው በእነዚህ ቃላት ነው። መጽሐፍ አልነበረም፤ ጆሮ፣ አፍንጫና እጅ ነበር።

የሚስብ ፓምፕ የሚያመጣው መዘዝ

በ1920ዎቹ መጨረሻ (እንደ ፈረንጆቹ) አዲስ ነገር መጣ፦ በሞተሩ ጎን ላይ የሚታሰር ሜካኒካል ፓምፕ። ሞተሩ ውስጥ ያለው ካምሻፍት ሲዞር አንዲት ትንሽ ክንድ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ክንዱ ዲያፍራም የሚባለውን ስስ ገበር ይስባል፣ ይለቃል። ሁለት ባለ አንድ አቅጣጫ ቫልቮች ቤንዚኑ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ያግዱታል። ፊያት 600፣ ቮልስዋገን፣ ዲኤክስ፣ ሁሉም የኖሩት በዚህ ነው። ግፊቱ በጣም ትንሽ ነው፤ ከ20 እስከ 35 ኪሎ ፓስካል ገደማ። ለካርቡራተር ግን ይበቃዋል።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ዲኤክስ ላይ ፓምፑ ያለው ፊት ለፊት ሞተሩ ዘንድ፣ ሰልባትዮው ያለው ከኋላ ነው። ቤንዚኑ በረጅም ቱቦ ተስቦ ይመጣል። “ይስባል” እንላለን እንጂ በፊዚክስ ዓይን ፓምፕ ፈሳሽ አይስብም። ከፊቱ ያለውን ግፊት ይቀንሳል፤ ቤንዚኑን የሚገፋው ሰልባትዮው ውስጥ ያለው አየር ነው። የአየር ግፊት በባሕር ወለል 101 ኪሎ ፓስካል ነው። ሐይቅ ላይ ወደ 80፣ ደሴ ላይ ወደ 75፣ ጣርማበር ላይ ወደ 70 ይወርዳል። ገፊው ራሱ ይደክማል ማለት ነው።

በሌላ በኩል ቤንዚን መትነን ይወዳል። ብዙውን ጊዜ በ38 ዲግሪ ሴልሺየስ የእንፋሎቱ ግፊት ከ45 እስከ 60 ኪሎ ፓስካል ይሆናል፤ ሙቀት ሲጨምር በፍጥነት ያድጋል። የእንፋሎቱ ግፊት በቱቦው ውስጥ ካለው ግፊት ጋር ሲተካከል ቤንዚኑ እንደ ድስት ውሃ ይፈላል። 55 ኪሎ ፓስካል የሆነውን ወስደን ብናሰላው በባሕር ወለል ቱቦ ውስጥ ለመፍላት 56 ዲግሪ ገደማ ያስፈልገዋል፤ ሐይቅ ላይ 50 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ጣርማበር ላይ ከዚያም ያነሰ። ፓምፑ ሲስብ የሚቀንሰው ግፊት ሲጨመርበት ደግሞ ነጥቡ ጥቂት ዝቅ ይላል። ዳገት የሚወጣ፣ የጋለ ሞተር አጠገብ የሚያልፍ ቱቦ 50 ዲግሪ ለመድረስ ምን ያንሰዋል?

ቱቦው በእንፋሎት ሲሞላ ፓምፑ አረፋ እንጂ ፈሳሽ አያገኝም። አረፋ ሲጨመቅ ይጨመቃል እንጂ አይገፋም፤ ግፊቱ ይጠፋል። ፓምፑ ደህና ነው፣ ሰልባትዮው ሙሉ ነው፣ መኪናዋ ግን ቆማለች። የድሮ ሾፌሮች እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ የሚጠመጥሙት ለዚህ ነበር። ሒሳቡን ባያሰሉትም ነገሩን ደርሰውበታል።

ደህና መካኒክ እንዴት ይመረምራል?

የድሮ ጋራዥ ጥበብ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ዕቃ ከመፍታት በፊት ጥያቄ ይቀድማል፦ የምትቆመው መቼ ነው? ስትሞቅ ብቻ ነው? ዳገት ላይ ብቻ? ቀስ እያለ ባሰባት ወይስ በአንድ ቀን?

በመጀመሪያ ከፍታውን ራሱን መጠርጠር ይገባል። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል በአምስት አንድ ያህል ስስ ስለሆነ ማንኛውም ያለ ተርቦ የሚሠራ ሞተር ከጉልበቱ ወደ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። ካርቡራተሩም አየሩ መሳሳቱን ስለማያውቅ ቤንዚን ያበዛል። የጢሱ ቀለም ይህን ይናገራል፦ ጥቁር ጢስ ካለ ሞተሩ የጠገበ እንጂ የተራበ አይደለም፤ ፓምፑን አትንኩት።

ሁለተኛው የሰልባትዮ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። እሱ በአቧራ ከተደፈነ ቤንዚኑ በወጣ ቁጥር ሰልባትዮው ውስጥ ባዶነት ይፈጠራል፤ ገፊው አየር ይጠፋል። መኪናዋ ስትቆም ክዳኑን ሲከፍቱት “ፍስስ” ብሎ አየር ከሳበና ወዲያው ከተነሳች በሽታው ተገኘ። ወጪው አንዲት መርፌ ነው።

ሦስተኛው ማጣሪያው ነው። በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ የሚብስ፣ በዝግታ ሲነዱ የማይታይ፣ ፍጥነት ወይም ጭነት ሲጨምር የሚመጣ ድካም ብዙውን ጊዜ ከማጣሪያና ከዝገት ነው።

አራተኛው ብዙዎችን የሚያሳስተው ነው። ከፓምፑ በፊት ያለ ቱቦ ሲሰነጠቅ ቤንዚን አያንጠባጥብም፤ በዚያ በኩል ያለው ግፊት ከውጭው ያነሰ ስለሆነ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። መሬቱ ደረቅ ነው፣ ሽታ የለም፣ ግፊት ግን የለም። ከፓምፑ በኋላ ያለ ቱቦ ሲሰነጠቅ ግን ያንጠባጥባል፣ ይሸታል። ስለዚህ “ምንም አያፈስም” የሚለው ቃል ቱቦውን ነፃ አያወጣውም። ያረጀ የላስቲክ ቱቦ አጥፎ ማየት ነው፤ መታጠፊያው ላይ ስንጥቅ ከታየ መቀየር።

ፓምፑ የሚመጣው በአምስተኛ ደረጃ ነው። ሞተሩ በርዶ፣ የካንዴላው እሳት ተቋርጦ፣ መውጫ ቱቦው ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ሞተሪኖ ሲመታ ቤንዚኑ በምት በምት መውጣት አለበት። በዚህ ጊዜ አጠገብ ሲጋራም ሆነ ክፍት መብራት ሊኖር አይገባም፤ ጋራዥ የሚያቃጥል እንዲህ ያለ ቸልታ ነው። ዘይት መለኪያውንም ሳቡት። ዘይቱ ከፍ ካለና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ዲያፍራሙ ተቀዷል። ያ መኪና ወደ ከተማ መነዳት የለበትም፤ የቀጠነ ዘይት ሞተሩን ይበላዋል።

ፓምፑ ሰልባትዮ ውስጥ ሲገባ

ቦሽ በ1967 እንደ ፈረንጆቹ ቮልስዋገን 1600 ላይ የገጠመው በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ መርጫ ሥርዓት ሌላ ዘመን ከፈተ። ኋላ ላይ የብዙ መኪኖች ፓምፕ ሰልባትዮ ውስጥ ገባ፤ ከመሳብ ይልቅ ከኋላ ይገፋል። ግፊቱም ከ250 እስከ 300 ኪሎ ፓስካል ደረሰ፤ ከድሮው አሥር እጥፍ። እንዲህ የታፈነ ቤንዚን ቱቦ ውስጥ ለመፍላት ወደ 90 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። የሐይቅ ዳገት በዚህ ተሸነፈ።

በሽታው ግን መልኩን ለወጠ። ፓምፑ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ቤንዚን ነው፤ ሁልጊዜ የቤንዚን መብራት እያበራ የሚነዳ ሰው ፓምፑን እያቃጠለ ነው። ያረጀ ሽቦና የዛገ መሬት ማሰሪያ ቮልቴጁን ሲቀንሱት ጤነኛ ፓምፕ በሽተኛ ይመስላል። ግፊቱን የሚመጥነው ዕቃ ላይ ያለችው ቀጭን የአየር ቱቦ ውስጥ ቤንዚን ከተገኘ ገበሩ ተቀዷል። መኪናዋ ጠዋት ወይም ከዕረፍት በኋላ ብዙ ሞተሪኖ ካስመታች፣ ሞተሩ ሲጠፋ መቆየት የነበረበት ግፊት የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው። እዚህ ላይ ጆሮና አፍንጫ ብቻቸውን አይበቁም፤ የግፊት መለኪያ ያስፈልጋል። ቱቦውን በድሮው ልማድ ዝም ብሎ መፍታትም አደጋ ነው፤ የታፈነው ቤንዚን እንደ ጭጋግ ይረጫል።

አሮጌው መኪና ገና አልሄደም

በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ 5 በመቶ፣ በ2003 ደግሞ 10 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀመረ። ኢታኖል በትንሽ መጠን ሲገባ የቤንዚኑን የእንፋሎት ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ለእሱ ያልተሠራን የድሮ ላስቲክም ያላላል። ዲያፍራምና ቱቦ ሲቀየሩ ኢታኖል የሚችል ዕቃ መምረጥ የሚገባው ለዚህ ነው።

በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ማስገባት በጣም አስወደደው፤ በ2016 ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ነገ የሚገባው የኤሌክትሪክ መኪና ሰልባትዮም ፓምፕም የለውም። እስከዚያ ድረስ ግን አገር ውስጥ ያሉት ዲኤክሶች ዕድሜያቸው ሊረዝም ነው፤ የሚያውቋቸው አዛውንት መካኒኮች ግን እያረፉ ነው። ጥያቄውን በቅደም ተከተል መጠየቅ የሚችል ወጣት ካልተተካ፣ ባለ መኪናው ያልሞተ ፓምፕ እየቀየረ ይኖራል።

ስለዚህ ከሐይቅ ወደ ደሴ ስትወጣ መኪናችሁ ከቆመች ቦኔቱን ከፍታችሁ ትንሽ አስበርዷት። ከዚያ ወደ ኋላ ዞራችሁ የሰልባትዮውን ክዳን ክፈቱና አዳምጡ። ምርመራው የሚጀምረው ከዚያ ነው።