ለካምፕ ክፍል የሚሆን ትንሽ ሰርቨር፦ ያለ ኢንተርኔት፣ በአሮጌ ላፕቶፕ

ሰርቨር ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት ኤሲ በተገጠመለት ክፍል ውስጥ የተደረደረ ትልቅ ማሽን ነው። ሰርቨር ማለት ግን ሌሎች ስልኮችና ኮምፒውተሮች ሲጠይቁት በውስጡ ያለውን ፋይል የሚሰጥ ኮምፒውተር ነው፤ በቃ። እኔ ካኩማ ውስጥ በማስተምርበት ክፍል የምንጠቀመው ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ከኪቦርዱ ሁለት ፊደል የወለቀበት ላፕቶፕ ነው። ሥራውን ይሠራል።

ይህን የምጽፈው በሌላ ካምፕ ያሉ አስተማሪዎች እየደወሉ "እናንተ እንዴት አድርጋችሁ ነው?" ስለሚሉኝ ነው። እዚህ አንድ የሳይንስ መጽሐፍ ለስድስት ልጅ ነው የሚደርሰው። "ቪዲዮውን በስልክህ አውርደህ አጥና" እንዳንል ደግሞ የዳታ ባንድል ገንዘብ የቤቱ የዘይት ገንዘብ ነው። ሰርቨሩ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ትምህርቱ አንዴ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ልጆቹ አንድ ሜጋባይት እንኳ ሳይቆጥርባቸው ያያሉ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ አይደሉም። ዋይፋይ ስልኩን ከራውተሩ ጋር የሚያገናኝ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ራውተሩ በሌላ በኩል ከውጭው ዓለም ጋር ከተገናኘ ኢንተርኔት አለ፣ ካልተገናኘ የለም። ባይገናኝም ግን በክፍሉ ውስጥ ያሉት ስልኮችና ሰርቨሩ እርስ በርስ መነጋገራቸውን አይተዉም። ኔትወርክ ጠፍቶ ካምፑ ሁሉ ዝም ባለበት ቀን የእኛ ክፍል ልጆች የፊዚክስ ቪዲዮ ሲያዩ ነበር።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅትና የቮዳፎን ፋውንዴሽን ኢንስታንት ኔትወርክ ስኩልስ የተባለውን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2013 ዳዳብ ላይ ሲጀምሩ ታብሌት፣ ባትሪና ራውተር ይዘው ነው የመጡት። እኛ የምናወራው ግን ድርጅት ሳይመጣ በእጃችን ባለ ዕቃ ስለሚሠራው ነው።

ምን ዕቃ ያስፈልጋል?

አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ራውተር፣ አንድ የኔትወርክ ኬብል፣ ፋይል ማጓጓዣ ሃርድ ዲስክ ወይም ትልቅ ፍላሽ።

ኮምፒውተሩን በተመለከተ ሁለት ወገን አለ። አንዱ ወገን ራስፕቤሪ ፓይ ይላል፤ የእጅ መዳፍ የምታክል ትንሽ ኮምፒውተር ናት፣ ኤሌክትሪክ አትፈጅም፣ ስትሠራ 5 ዋት አካባቢ ነው የምትወስደው። እኔ ከሌላው ወገን ነኝ፣ አሮጌ ላፕቶፕ እላለሁ። ምክንያቱም ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ አለው፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ አብሮ አይጠፋም። ራስፕቤሪ ፓይ ላይ ሲስተሙ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው። ካርዱ እየተጻፈበት ሳለ መብራት ድርግም ካለ ፋይሉ ይበላሻል፤ ጠዋት ስትከፍቱት አይነሳም። እዚህ መብራት ስንቴ ድርግም እንደሚል ታውቃላችሁ። በተጨማሪ ላፕቶፕ ሲበላሽ ገበያ ውስጥ የሚነካካው ሰው አይጠፋም። ራም 4 ጊጋ ካለውና ሃርድ ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ለአንድ ክፍል ይበቃል። ሃርድ ዲስኩ በኤስኤስዲ ከተቀየረማ ሌላ ማሽን ነው የሚሆነው።

ውስጡ ምን ይግባ?

ሁለት ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። አንደኛው ኪዊክስ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ያለ። ዊኪፒዲያንና ሌሎች ድረ ገጾችን ዚም በሚባል አንድ ፋይል ጠቅልሎ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው፤ ያለ ሥዕል የተዘጋጀው በጣም ያንሳል። የአማርኛው ትንሽ ስለሆነ በአንድ ተራ ፍላሽ ይገባል፣ ለታናናሾቹ እሱንም ጨምሩላቸው። ሁለተኛው ኮሊብሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ፣ ኢንተርኔት ለሌለበት ትምህርት ቤት ተብሎ የተሠራ። ቪዲዮና መልመጃ አለው፤ ተማሪ በስሙ ይገባል፣ አስተማሪው ማን የት እንደደረሰ ያያል። ሁሉንም ማውረድ ግዴታ አይደለም። የ7ኛ ክፍል ሒሳብ ብቻ ከፈለጋችሁ የእሱን ክፍል ብቻ መምረጥ ትችላላችሁ።

ማውረዱ አንዴ ጥሩ ኢንተርኔት ይጠይቃል። እኛ ናይሮቢ ያለ ወዳጅ አውርዶ ሃርድ ዲስኩን በአውቶቡስ ነው የላከልን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ፍላሹ ወይም ዲስኩ ፎርማቱ ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ቦታ ሞልቶ ተርፎት እያለ "ፋይሉ ትልቅ ነው" ይላችኋል። መፍትሔው ከመቅዳት በፊት ኤክስፋት በሚባለው ፎርማት ማድረግ ነው፤ ፎርማት ሲደረግ ውስጡ ያለው እንደሚጠፋ አትርሱ። ከተቀዳ በኋላ ደግሞ የፋይሉ መጠን ከመጀመሪያው ጋር እኩል መሆኑን እስከ መጨረሻዋ ባይት አመሳክሩ። የተቆረጠ ፋይል ይዞ ሦስት ቀን መንገድ የተጓዘ ዲስክ አይቻለሁ።

ኮሊብሪ ከተጫነ በኋላ ትምህርቱን ከዲስኩ ማስገባት የሚቻለው ዲስኩ ላይ ያለው ኮሊብሪ ራሱ ኤክስፖርት ያደረገው ከሆነ ነው። የወረደ ቪዲዮ ዝም ብሎ ፎልደር ውስጥ ቢከመር አያነበውም። ስለዚህ ከተማ ያለው ሰው እሱም ኮሊብሪ ጭኖ፣ አውርዶ፣ ከዚያ ኤክስፖርት ያድርግላችሁ።

አድራሻ

ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ ከእዚህ በላይ ያለውን ማንም ይሠራዋል።

ራውተሩ ለሚገናኘው ዕቃ ሁሉ ቁጥር ይሰጣል፤ ለምሳሌ 192.168.0.5። እነዚህ በ192.168 የሚጀምሩ ቁጥሮች ለውስጥ ኔትወርክ ብቻ የተተዉ ናቸው፤ ፈቃድም ክፍያም የላቸውም። ችግሩ ራውተሩ ቁጥሩን በዘፈቀደ ስለሚያድል የሰርቨሩ ቁጥር ዛሬ 5 ሆኖ ነገ 11 ሊሆን ይችላል። ልጆቹ ትናንት የጻፉትን ይጽፋሉ፣ አይከፍትም፣ "ቲቸር ተበላሸ!" ይላሉ። አልተበላሸም፣ ቤት ቀይሮ ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን እናጸናለታለን። ከራውተሩ ሥር የተለጠፈው ወረቀት ላይ መግቢያው ተጽፏል፣ ብዙ ጊዜ 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1 ነው። በብሮውዘር ትገባላችሁ፣ የመግቢያውን ፓስወርድ ወዲያው ትቀይራላችሁ (አለበለዚያ ከልጆቹ አንዱ ይቀይርላችኋል)፣ ከዚያ አድረስ ሪዘርቬሽን የሚለውን ፈልጋችሁ ለሰርቨሩ አንድ ቋሚ ቁጥር ትሰጣላችሁ። የእኛ 192.168.0.10 ነው።

ሰርቨሩን በኬብል አገናኙት፤ ዋይፋዩን ለልጆቹ ተዉላቸው። ኬብሉ የሚሰካው አንድ ዓይነት ቀለም ካላቸው ከአራቱ ቀዳዳዎች በአንዱ ነው። ለብቻዋ የተለየችው፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሆነችው፣ ለኢንተርኔት መስመር ስለሆነች ባዶ ትቀመጥ። እሷ ላይ ከሰካችሁ ሰርቨሩ ከውጭ እንደመጣ ተቆጥሮ ልጆቹ አያገኙትም። እንዲሁም ራውተሩ ጌስት ኔትወርክ ካለው አጥፉት፤ በእሱ የገባ ስልክ ብዙ ጊዜ ሌሎቹን ዕቃዎች እንዳያይ ተደርጎ ነው የሚሠራው።

ቁጥሩ ላይ በር ይጨመራል፤ በባለሙያዎቹ አነጋገር ፖርት። አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሁለት ፕሮግራም ሲኖር በሩ ነው የሚለያቸው። የዴስክቶፑ ኪዊክስም ኮሊብሪም ካልነካችኋቸው ሁለቱም 8080 ላይ ነው የሚቆሙት፤ ስለዚህ ቀድሞ የተነሳው በሩን ይይዛል፣ ሌላው እምቢ ይላል። እኔ ሁለት ምሽት ያደርኩበት ነገር ነው። ኪዊክስን ወደ 8081 ቀይሩት። ከዚያ በኋላ ለኮሊብሪ 192.168.0.10:8080፣ ለኪዊክስ 192.168.0.10:8081 እያላችሁ ሰሌዳው ጥግ ላይ ጻፉ፤ እንዳይጠፋም ዙሪያውን አክብቡት።

አልከፍት ሲል

ከሰርቨሩ ራሱ ጀምሩ። እዚያው ላፕቶፑ ላይ ብሮውዘር ከፍታችሁ 127.0.0.1:8080 ብላችሁ ጻፉ፤ ይሄ ቁጥር በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ "እኔው ራሴ" ማለት ነው። ካልከፈተ ኮሊብሪ አልተነሳም። ከከፈተና ከስልክ ግን እምቢ ካለ፣ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር ጥፋቱ የዊንዶውስ ፋየርዎል ነው። ዊንዶውስ ኢንተርኔት የሌለው ኔትወርክ ሲያይ ይጠራጠርና ፐብሊክ ብሎ ይመዘግበዋል፣ ከዚያ በሩን ይዘጋል። ኔትወርኩን ፕራይቬት አድርጉት፤ ፕሮግራሙ ሲነሳ "ልፍቀድለት ወይ?" ብሎ ሲጠይቅም ፍቀዱ።

ላፕቶፑ ክዳኑ ሲዘጋ ወይም ሳይነካ ሲቀር እንዳይተኛ የፓወር ሴቲንጉን ማስተካከል አለባችሁ። ይሄን ሳላደርግ በክፍለ ጊዜው መሃል ላፕቶፑ ተኝቶብኝ አርባ ልጅ ፊት ቆሜያለሁ።

ስልኮቹም የራሳቸው ጠባይ አላቸው። አንድሮይድ ዋይፋዩ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያውቅ ሳያማክር ወደ ሲም ካርዱ ዳታ ይመለሳል። ልጁ ከዋይፋዩ ጋር የተገናኘ ይመስለዋል፣ ሰርቨሩን ግን አያገኝም፣ ዳታውም ያልቃል። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ዳታቸውን እንዲያጠፉ አድርጉ፤ ስልኩ "ኢንተርኔት የለም፣ ልቆይ?" ሲል አዎ ይበሉት። አድራሻውን ሲጽፉ ብሮውዘሩ ራሱ ኤችቲቲፒኤስ ብሎ ከቀጠለበት የመጨረሻዋ ኤስ ትጥፋ፤ ኮሊብሪ ያለ እሷ ነው የሚሠራው።

አንድ ትንሽ ነገር፦ ሰዓት። አሮጌ ላፕቶፕ የውስጥ ሰዓቱ ባትሪ ካለቀ በተነሳ ቁጥር ወደ ድሮ ቀን ይመለሳል። ራስፕቤሪ ፓይ 4 ደግሞ ጭራሽ የሰዓት ባትሪ የለውም። ኢንተርኔት ስለሌለ የሚያርመው የለም፤ ማን መቼ አጠና የሚለው መዝገብ ይዘበራረቃል። ጠዋት ስትከፍቱ ቀኑን እዩ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር አትሙሉት፣ ኮምፒውተሩ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የሚማሩ ልጆች እንዳሏችሁ ነው የሚመዘግብላችሁ።

መብራት

ሶላርና ባትሪ ላላችሁ ሒሳቡ እንዲህ ነው። 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሆነ የመኪና ዓይነት ባትሪ ሲሞላ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ከግማሽ በታች ደጋግሞ ማውረድ ይገድለዋልና የምትጠቀሙት 600 ነው። ላፕቶፑ 40 ዋት፣ ራውተሩ 6 ዋት ከወሰዱ፣ ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ተቀንሶ፣ 11 ሰዓት አካባቢ ይሠራሉ። በራስፕቤሪ ፓይ ቢሆን በዚያው ባትሪ ሁለት ቀን ያህል ያለማቋረጥ ይሄዳል፤ ያኛው ወገን የሚረታኝ እዚህ ላይ ነው። ባትሪያችሁ ትንሽ ከሆነ እነሱን ስሙ፣ ግን ማታ በደንብ ሻት ዳውን ሳታደርጉ አትንቀሉት።

ራውተሩን ከባትሪ በቀጥታ ከመስካታችሁ በፊት ሥሩ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የ9 ቮልት ራውተር 12 ቮልት ላይ ሰክቼ አቃጥያለሁ። ሽታው አሁንም አይረሳኝም። ለካኩማ አቧራና ሙቀት ደግሞ ላፕቶፑን ከቆርቆሮው ግድግዳ አርቁት፣ የአየር መውጫውን በጨርቅ አትሸፍኑ፣ በወር አንዴ አራግፉት።

ስምና ፓስወርድ

ኮሊብሪ ላይ ልጆቹን ስትመዘግቡ ሙሉ ስም፣ የማኒፌስት ቁጥር፣ የመጡበት አገርና ቀበሌ አታስገቡ። ፕሮግራሙም አያስገድድም። የቅጽል ስምና የክፍል ቁጥር ይበቃል። ላፕቶፕ ይሰረቃል፣ ይዋሳል፣ ይሸጣል፤ ከመካከላችን ደግሞ ስሙ የት እንዳለ እንዲታወቅ የማይፈልግ ሰው አለ። ለምን ብሎ መጠየቅም የአስተማሪ ሥራ አይደለም።

ከእኛ በፊት እዚሁ ሠፈር ሌላ ሰርቨር ነበር። በደንብ የተሠራ፣ ከእኛው የሚሻል። ያቆመው ልጅ ፕሮሰሱ አለቀለትና ወደ ሦስተኛ አገር ሄደ፤ ደስ ብሎን ሸኘነው። ከወር በኋላ ራውተሩን ማስተካከል ሲያስፈልግ ፓስወርዱን የሚያውቅ ሰው ጠፋ፤ ስልኩ ተቀይሯል። ዕቃው መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ከረመ። ራውተር ከኋላው ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ መመለስ እንደሚቻል ያኔ የሚያውቅ አልነበረም። የኮሊብሪ ሱፐር አድሚን ፓስወርድ ግን እንደዚያ በቀላሉ አይመለስም።

ስለዚህ እኛ ሁለት ሰው እናውቃለን፣ ሦስተኛው ኮፒ በታሸገ ፖስታ ርዕሰ መምህሩ ጋር አለ። ዓርብ ከሰዓት ኮሊብሪን ዘግተን፣ ዶት ኮሊብሪ የሚባለውን ፎልደር ወደ ሌላ ዲስክ እንቀዳለን፤ የልጆቹ መዝገብ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ዲስኩ ሌላ ቤት ያድራል። ደብተርም አለን፦ የሰርቨሩ ቁጥር፣ ሁለቱ በሮች፣ ኬብሉ የተሰካበት ቀዳዳ፣ የተቀዳበት ቀን፣ የቀዳው ሰው ስም። ባለፈው ወር ሁለተኛው አስተማሪ ቃለ መጠይቅ ተጠርቶ ስለሄደ ከ8ኛ ክፍል አንዲት ተማሪ እሱ የሚሠራውን እየተማረች ነው፤ ያለፉትን ሦስት ዓርቦች የጻፈችው እሷ ናት።